ነፋሱን የዘጋ ኮሪደር

ሞያሌን የሚያውቅ ሰው ነፋሷን ያውቃል። በኬንያ በኩል ያለው የከተማው ክፍል ተዳፋት ላይ የተዘረጋ ስለሆነ፣ ከደቡብ፣ ከዚያ ማለቂያ ከሌለው ቆላ የሚነሳው ነፋስ የሚያቆመው ነገር ሳያገኝ መጥቶ ይላተምብናል። ቆርቆሮ ይገነጥላል። የተሰጣ ልብስ ወስዶ የጎረቤት አጥር ላይ ይሰቅላል። ገበያ መሃል የሚያወሩ ሰዎች እንዲደማመጡ ጀርባቸውን ለነፋሱ ሰጥተው ነው የሚቆሙት። እንዲህ ባለ ከተማ ውስጥ ሰው አየር አጥቶ የሚታመምበት ቤት ተሠራ። ሲሠራ እዚያው ነበርኩ። እንዳይሠራ ተናግሬአለሁ፤ አሳይቻለሁም። ይኸው ስንት ዓመት አልፎ ዛሬ ስጽፈው እንኳ ጥርሴን ነክሼ ነው።

አባቴ ከደጋው ኢትዮጵያ ወርዶ፣ ድንበሩን ተሻግሮ፣ ትንሽ ሆቴል ከፍቶ በዚያው የቀረ ሰው ነው። ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ሰፈር ውስጥ ኦሮምኛ፣ ትምህርት ቤት ስዋሂሊና እንግሊዝኛ እየተናገርን አደግን። ሁለት እህትማማቾች ነን። ታላቄን እትዬ ነው የምላት። እናታችን ከሆቴሉ ማድ ቤት ወጥታ ስለማታውቅ ፀጉሬን የምትጎነጉነኝ፣ ትምህርት ቤት የምታደርሰኝ፣ ስታመም ግንባሬን በእርጥብ ጨርቅ የምትይዝልኝ እሷ ነበረች። የሰው ሕመም አያስጠላትም ነበር። ነርስ ስትሆን ማንም አልተገረመም።

እኔ ናይሮቢ ወርጄ የሕንፃ ንድፍ ተማርኩ። ትምህርቴን ልጨርስ ስቃረብ አንድ ነገር ልቤን ወሰደው፤ አየር በቤት ውስጥ እንዴት እንደሚጓዝ በኮምፒውተር አስመስሎ ማየት። ነገሩ ሲያስረዱት ቀላል ነው። ነፋስ ግድግዳ ሲመታ በመታበት በኩል ይገፋል፤ ከግድግዳው ጀርባ ደግሞ ይስባል። በሁለቱም በኩል መስኮት ካለ አየሩ በአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል፤ ቤቱ ይተነፍሳል። መስኮቱ በአንድ በኩል ብቻ ከሆነ ግን ውጭ ዐውሎ ቢነሳ ውስጥ ያለው አየር ባለበት ይዞራል። ፕሮግራሙ ክፍሉን በጥቃቅን ሳጥኖች ይከፋፍልና በእያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ አየሩ ወዴት እንደሚሄድና ምን ያህል እንደሚፈጥን ያሰላል። ስሌቱ ሲያልቅ ስክሪኑ ላይ ቀስቶች ይታያሉ። አየር የሚሮጥበት፣ የሚሽከረከርበት፣ ተኝቶ የሚቀርበት ቦታ ሁሉ ይለያል። ማንም ያላየውን ነገር ማየት ነው። ለቀናት ፈዝዤ ሳየው እውል ነበር።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ አጋማሽ ላይ፣ ስኳርና ዱቄት በጫነ ሎሪ አናት ላይ ተቀምጬ፣ ኮምፒውተሬን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ እንደ ሕፃን ታቅፌ ሞያሌ ተመለስኩ። ሥራ ብዙም ሳልፈልግ አገኘሁ። አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት፣ ስሙ ይቅር፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ለሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ማደሪያ ያለው ክሊኒክ ሊሠራ ነበር። ከኦቦ፣ ከቦሪ፣ ከሶሎሎ መንገድ የሚመጡት አርብቶ አደሮች መድኃኒታቸውን እስኪጨርሱ ለወራት ከተማ መቆየት ነበረባቸው። ማደሪያ የሌለው በየበረንዳው ይተኛል፤ የሰለቸው መድኃኒቱን ጥሎ ወደ ከብቱ ይመለሳል። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ይህን አልክድም። ግንባታውን የሚከታተል ረዳት ሲፈልጉ እኔን ቀጠሩኝ።

አለቃዬ ከናይሮቢ የመጣ መሐንዲስ ነበር። ሁላችንም ኢንጂነር እንለዋለን። ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ሳቁ የማይጠፋ፣ የማንንም ጥያቄ «ሃኩና ሺዳ፣ ምንም ችግር የለም» ብሎ የሚዘጋ ሰው ነው። በመጀመሪያው ቀን ፕላኑን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋልኝ።

ረጅም ሕንፃ ነው። በደቡብ አንድ ረድፍ የሕሙማን ክፍሎች፣ በሰሜን ሌላ ረድፍ፣ መሃላቸው ጠባብ ኮሪደር። እያንዳንዱ ክፍል ያለው አንድ ትንሽ ተንሸራታች መስኮት ብቻ ነው። ኮሪደሩ በአንድ ጫፉ በር አለው፤ በሌላኛው ጫፍ ድፍን ግድግዳ። ከዚያ ግድግዳ ሥር የነርሷ ጠረጴዛና ወንበር ተስለዋል።

«ይህ ፕላን ለሞያሌ የተሠራ ነው?» አልኩት።

«ደጋ ላይ ብዙ ቦታ ሠርተነዋል። የተመሰከረለት ነው» አለኝ።

ደጋ ላይ ሰው የሚሸሸው ብርድ ነው። ይህን በልቤ ይዤ ወደ ቤት ሄድኩ። እትዬ ከሥራ ተመልሳ እግሯን በሳፋ ውኃ ነክራ ተቀምጣለች። ፊቷ በርቷል።

«እህትዓለም፣ ወደ አዲሱ ክሊኒክ መደቡኝ! እናንተ የምትሠሩት ቤት እኮ ነው። የራሴ ጠረጴዛ ሊኖረኝ ነው። የት ነው የምቀመጠው?»

ነገርኳት። «ጥግ መሆኑ ጥሩ ነው፤ ሁሉንም በር እያየሁ እሠራለሁ» አለች። እኔ ያንን ጥግ አልወደድኩትም፤ ግን በግምት ሰው ማስደንገጥ አልፈለግሁም። ሠርቼ ልይ አልኩ።

ለስሌቱ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ያስፈልጋል። የሆቴላችን ጣሪያ ላይ እንጨት ተክዬ የጨርቅ ቁራጭ አሰርኩበትና ጠዋት፣ ቀትርና ማታ እየወጣሁ ማየት ጀመርኩ። አባቴ ከታች ሆኖ ይጮኻል።

«አንቺ ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ የላክሁሽ ጣሪያ ላይ ጨርቅ እንድትሰቅዪ ነው? ደንበኛው ጠንቋይ ቤት መሰለው እኮ!»

ጨርቁ ግን ከሳምንት ሳምንት ወደ አንድ አቅጣጫ ነበር የሚዘረጋው። ነፋሱ ከደቡብ ነው፤ አንዳንዴ ትንሽ ወደ ምሥራቅ ዘንበል ይላል እንጂ አይዞርም።

ሌላው ጣጣ መብራት ነበር። በዚያን ጊዜ መብራታችን ከድንበሩ ማዶ ነበር የሚመጣው፤ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይሄዳል። የኮምፒውተሬ ባትሪ ደካማ ነው። ስሌቱ ከግማሽ በላይ ሄዶ መብራት ጥፍት ሲል ያለቀሰ ሰው ካለ እኔ ነኝ። በመጨረሻ አባቴን ለመንኩት። ትንሿ ጄኔሬተር የምትሠራው ለሶዳው ማቀዝቀዣ ነው፤ ሁለቱን አንድ ላይ አትችልም። አባቴ ማቀዝቀዣውን አየ፣ እኔን አየ።

«ለእህትሽ ሥራ ነው ያልሽው?»

«አዎ።»

«እንግዲያስ ሶዳው ይሙቅ።»

ያን ቀን የሎሪ ሾፌሮች በሙቅ ሶዳ ሲያማርሩ ዋሉ። እኔ ከባንኮኒው ጀርባ ተቀምጬ፣ ፕላኑን እንዳለ ቀርጬ፣ የደቡቡን ነፋስ ለቀቅሁበት። ከዚያ በደቡብ በኩል ባሉት ክፍሎች አልጋዎች ላይ ቀያይ ነጥቦች ዘራሁ። ነጥቦቹ የታመመ ሰው ሲያስል ከአፉ የሚወጣውን ይወክላሉ፤ አየሩ ወደወሰዳቸው ይሄዳሉ። ስሌቱ ሲያልቅ አጫወትኩት። ነፋሱ በደቡቡ መስኮት ገባ። ቀያዮቹን ነጥቦች ከአልጋው ላይ አነሳ። በሩ ሥር ባለው ክፍተት ወደ ኮሪደሩ ገፋቸው። ግማሾቹ ወደ ሰሜን ክፍሎች ሾለኩ። የቀሩት በኮሪደሩ ተጉዘው ድፍኑ ግድግዳ ዘንድ ሲደርሱ መውጫ አጡና እዚያው ይዞሩ ጀመር። እየበዙ፣ እየተደራረቡ፣ ያ ጥግ እንደ ደም ቀላ። ወንበሩ ያለበት ጥግ ነው። የእትዬ ወንበር።

ቶሎ ብዬ ፕላኑን ቀየርኩት። ኮሪደሩን አወጣሁ፤ ክፍሎቹን በአንድ ረድፍ አደረግሁ፤ በደቡብም በሰሜንም ሰፋፊ መስኮት ሰጠኋቸው፤ የነርሷን ጠረጴዛ ነፋሱ መጀመሪያ በሚያገኘው በረንዳ ላይ አኖርኩት። እንደገና አስላሁ። ነጥቦቹ ከአልጋው ተነስተው ቀጥ ብለው በሰሜን መስኮት ወጡ። በረንዳው ላይ አንድም አልቀረም። ብሎኬቱ አልጨመረም፣ ቆርቆሮው አልጨመረም። መስመሮቹን ማንቀሳቀስ ብቻ ነው። መሠረቱም ገና አልተቆፈረም።

በማግሥቱ ኮምፒውተሬን ይዤ ኢንጂነር ቢሮ ገባሁ።

«ኢንጂነር፣ አንድ ነገር ላሳይዎት።»

ቀያዮቹ ነጥቦች ሲሄዱ እያየ ሳቀ። «ዳዳ፣ እህቴ፣ ይህ የልጆች ጨዋታ ነው?»

«ጨዋታ አይደለም። ቤቱ ሲሠራ አየሩ የሚሄደው እንዲህ ነው። በሽታው የሚተላለፈው በአየር መሆኑን እርስዎም ያውቃሉ።»

«ነፋስ ዛሬ እንዲህ፣ ነገ እንዲያ ነው የሚነፍሰው። ማን ያዘዋል?»

«እዚህ አገር እንደሱ አይነፍስም። ሳየው ከርሜአለሁ። ከፈለጉ አብረን ውጭ እንቁም።»

አልቆመም። «ኮሪደር የሌለው ክሊኒክ የት አይተሽ ታውቂያለሽ?» አለ። «የከብት በረት ልታስመስዪው ነው? ለጋሾቹ ያፀደቁት ይህንን ነው። ፕላን ከተነካ እንደገና ጥያቄ፣ እንደገና ስብሰባ። ሃኩና ሺዳ፣ ሰዎቹ መስኮት ይከፍታሉ።»

ፕላኑን ጎትቼ ወንበሩን አሳየሁት። «እዚህ ወንበር ላይ የምትቀመጠው እህቴ ናት።»

«እንግዲያው እሷም መስኮት ከፍታ ትቀመጣ።»

«እዚህ ቦታ መስኮት የለም!» አልኩና ፕላኑን በጣቴ መታሁት። «ይዩት! የት አለ መስኮት?»

አላየውም። ፕላኑን ጠቅልሎ መደርደሪያው ላይ አኖረና ስለ አሸዋ መጫኛ ሎሪ ያወራኝ ጀመር። የሚያናድደኝ አለማወቁ አይደለም። የማያውቅ ሰው ይነገረዋል። እኔን የሚያንገበግበኝ ተነግሮት፣ አይቶት፣ ጣት ተቀስሮለት ዓይኑን ማዞሩ ነው።

ቤቱ እንደተሳለው ተሠራ። ለእትዬ ያየሁትን ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና «ታዲያ ምን ልሁን? ሕሙማኑን ማን ያያቸው?» አለች። ሌላ ቦታ ለመመደብ ጠይቂ ብላት እንደተሰደበ ሰው ቀና ብላ አየችኝ።

የምረቃው ቀን እንግዶች መጡ፣ ሪባን ተቆረጠ። በሩም መስኮቱም ሁሉ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ አልጋው ባዶ፣ ጠዋቱ ቀዝቃዛ። «ደስ የሚል አየር አለው!» ይባባላሉ። ኢንጂነር በሰው መሃል ፈልጎ አየኝና ጠቀሰኝ። ያን ጥቅሻ አልረሳውም።

ሰዎች መኖር ሲጀምሩ ነገሩ ሌላ ሆነ። በር የሚባል ሁሉ አቧራ እንዳይገባ ይዘጋ ተባለ። ቀትር ላይ ኮሪደሩ ውስጥ መግባት የሌላ ሰው ትንፋሽ ውስጥ መግባት ነበር። ከኦቦ የመጡ አንድ አዛውንት፣ ሕይወታቸውን ሙሉ ሜዳ ላይ ያደሩ ሰው፣ በኦሮምኛ «ልጄ፣ ይህ ቤት ትንፋሼን መልሶ ያጠጣኛል» አሉኝ። ምንጣፋቸውን ይዘው ወጥተው ከግቢው ግራር ሥር ተኙ። ሌሎቹም ተከተሏቸው። ልክ ነበሩ፤ ለእነሱም ለሌላውም የሚበጀው እሱ ነበር። ከድርጅቱ ቢሮ ግን ትእዛዝ መጣ። ሕሙማን መሬት ላይ ተኝተው ለእንግዳ ከታዩ ለድርጅቱ ስም ጥሩ አይደለምና ወደ ክፍላቸው ይመለሱ። ዘበኛው አፍሮ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ አዛውንቱን ክንዳቸውን ይዞ ሲያስገባቸው አየሁ። እኔ ያን ጊዜ ቀሪውን አጥርና የውኃ ጉድጓድ ለማሠራት እዚያው ነበርኩ። ቢሮ ሄጄ ጮህኩ። «የአስተዳደር ጉዳይ ነው፣ አንቺን አይመለከትም» አሉኝ።

እትዬ ማሳል የጀመረችው ከመንፈቅ በኋላ ነው። መጀመሪያ አቧራ ነው አለች። ቀጥሎ ጉንፋን ነው አለች። የደንብ ልብሷ ትከሻዋ ላይ ሰፋ። አንድ ቀን ምሳ ስንበላ አንድ ጉርሻ ጎርሳ ሳህኑን ገፋችው፤ አባቴ ቀና ብሎ አያት፣ ከዚያ እኔን አየኝ። ስንቱን ሰው አክታህን አምጣ ስትል የኖረች ሴት የራሷን ለመስጠት ፈራች። እጇን ይዤ ወሰድኳት።

ውጤቱን፣ ሳንባ ነቀርሳ መሆኑን፣ የነገራት የክሊኒኩ ኃላፊ ነው። የተላለፈባት በተለመደው መድኃኒት የማይሸነፍ ዓይነት መሆኑ ደግሞ ቆይቶ ታወቀ። ናይሮቢ ሄዳ ለረጅም ጊዜ በየቀኑ መርፌ መወጋት ነበረባት። የምትሄድ ዕለት መሐረብ አፏ ላይ አስራ፣ እንዳላቅፋት እጇን ወደፊት ዘርግታ ከለከለችኝ።

ኢንጂነር ጋ ሄድኩ። ቃል በቃል ያለኝን ልጻፍ፤ «አዝናለሁ ዳዳ። ግን እዚህ ከተማ በሽታው የትም አለ። ከገበያ ይሁን ከምን ማን ያውቃል?»

ወንበር አንስቼ ልወረውርበት ነበር። እውነቴን ነው። እጄ ደርሶበት ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ከለጋሾቹ ዘንድ ጎብኚዎች ሊመጡ ነው ተባለ። የክሊኒኩን ኃላፊ ብቻ አማከርኩ። ዝምተኛ ሰው ነው፤ ሁለት ነርሶቹ ማሳል ከጀመሩ ወዲህ ደግሞ የባሰ ዝም ብሎ ነበር። ሕሙማኑን ሁሉ ቀድመን ወደ ግራሩ ጥላ አወጣን። በደቡብ በኩል ባለው ክፍል ውስጥ ከሰል የተቀጣጠለበት ምድጃ አስቀመጥኩ፤ መስኮቱን እንደወትሮው ከፈትኩ፣ በሩን እንደወትሮው ዘጋሁ። እንግዶቹ በኢንጂነር እየተመሩ ኮሪደሩ ውስጥ ሲገቡ አንዲት ሽበታም ሴትዮ ድካም ይታይባቸው ነበርና የነርሷን ወንበር ሳብኩላቸው። ተቀመጡ። አመሰገኑኝ። ወደ ክፍሉ ገባሁና እርጥብ ጆንያ ከሰሉ ላይ ጥዬ በሩን ዘግቼ ወጣሁ።

ጭሱ በበሩ ሥር ወጣ። ኢንጂነር ስለ ፕሮጀክቱ እያብራራ ነበር፤ ቆመ። ጭሱ ወለሉን ይዞ፣ ግድግዳውን ይዞ፣ በኮምፒውተሩ ላይ ያየሁትን መንገድ አንድም ሳይስት መጣ። ድፍኑ ግድግዳ ዘንድ ሲደርስ ተጠቀለለ። ሴትዮዋ አሳሉ። ዓይናቸውን አሹ። ሊነሱ ሲሉ፦

«ትንሽ ይቆዩ፤» አልኳቸው። «እርስዎ የሚተነፍሱት የጆንያ ጭስ ነው። እህቴ ከመንፈቅ በላይ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጣ የተነፈሰችው የሕሙማን ሳል ነበር። ቤቱ ሳይሠራ ለእኚህ ሰው አሳይቻቸዋለሁ። ይጠይቋቸው።»

ሁሉም ወደ ኢንጂነር ዞረ። የዚያን ቀን ሳቁ አልመጣለትም። ውጭ ወጥተን ሴትዮዋ ፊታቸውን ሲታጠቡ ብዙ ጠየቁኝ፤ ነጥቦቹን አሳየኋቸው፤ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «ጉዳዩ ይጠናል» ብለው ሄዱ። እኔ በዚያው ዕለት ከሥራ ተባረርኩ።

ጥናቱን ጠበቅሁ። እትዬ ናይሮቢ መርፌ እየተወጋች፣ ሌላ ነርስ በዚያው ወንበር ተቀምጣ፣ እኔ ጠበቅሁ። ማንም አልመጣም። አንድ ቀን የክሊኒኩ ኃላፊ ሆቴላችን መጥቶ ሻይ አዘዘ። ሻዩን እያማሰለ፣ ወደ እኔ ሳይመለከት፦

«ነገ ሶሎሎ ስብሰባ አለኝ። ቀኑን ሙሉ አልኖርም። ዘበኛውም ፈቃድ ጠይቆኛል፤ ሰጥቼዋለሁ» አለ።

አባቴ ሰማ። ሰውየው ከመውጣቱ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ አንስቶ መዶሻ ሊያወጣ ሄደ።

ሌሊቱን ሰው ስንጠራ አድረን በማግሥቱ ጠዋት የክሊኒኩ ግቢ ሞላ። የሕሙማን ዘመዶች፣ የሰፈራችን ነጋዴዎች፣ የአዛውንቱ ልጆች ከኦቦ፣ ሁለት ግንበኞች። ሕሙማኑ ከግራሩ ሥር ሆነው ያያሉ። እኔ በጠመኔ ምልክት አደረግሁ። ጣሪያውን የሚሸከመው ኮንክሪት እንዳይነካ፣ ከበሮቹ በላይ ያለው የኮሪደሩ ግድግዳ በሁለቱም በኩል ዳር እስከ ዳር እንዲወርድ፤ የሰሜን መስኮቶች እንዲሰፉ፤ ያ ድፍን ግድግዳ ደግሞ መሃሉ እንዲከፈት። የመጀመሪያውን ምት የመታው አባቴ ነው። ለድፍኑ ግድግዳ ማንንም አላስቀድምም አለ። ሸምግሎ ነበር፤ መዶሻው ከበደው፤ ግን አንድ ጊዜ አይደለም፣ ብሎኬቱ እስኪሰነጠቅ መታው። ሲመታ እየተሳደበ ነበር፤ እንደዚያ ሲሳደብ ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። ቀጥሎ ሁሉም ገባበት። እኔም መሮ ይዤ የበኩሌን ፈነቀልኩ። እጄ ደማ፤ አላስተዋልኩም።

ቀትር ሳይሆን ደቡብና ሰሜን ተገናኙ። የብሎኬቱ አቧራ ኮሪደሩን ሞልቶት ነበር፤ በድንገት ተነሳና በሰሜን መስኮቶች ተግተልትሎ ወጣ። ቤቱ ውስጥ ነፋስ ገባ። የአንዱ ግንበኛ ሚስት ሻርፗን ይዛ ሳቀች። እኔ መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። የደስታ እንዳይመስላችሁ። ይህን ያህል ቀላል ከነበረ ለምን ብዬ ነው ያለቀስኩት። የነርሷን ጠረጴዛ ተሸክመን በደቡብ በኩል አወጣነውና ጥላ ሠራንለት።

ድርጅቱ እከሳለሁ ብሎ ፎከረ። ፍርድ ቤት ከቆምን ጭሱም ነጥቦቹም እንደሚወሩ የነገራቸው ሰው አለ መሰለኝ፣ ዝም አሉ። ኢንጂነርን ወደ ሌላ ቦታ ቀየሩት፤ በእድገት ነው አሉ። በቀጣዩ ዓመት ያወጡት መጽሔት እጄ ገባ። ሽፋኑ ላይ የኛ ቀዳዳዎች ናቸው። ጠርዛቸው ተለስኖ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ ከሥሩ ክሊኒኩ «ለአካባቢው አየር ተስማሚ ሆኖ የተነደፈ» መሆኑን ይናገራል። አባቴ ምን እንደሚል ጠየቀኝ፤ ተርጉሜ ነገርኩት። መጽሔቱን ተቀብሎ ማድ ቤት ወሰደና ከሰል አቀጣጠለበት።

እትዬ ዳነች። ሳንባዋ ዳነ። መርፌው ግን ጆሮዋን ጎዳው። መጀመሪያ የሚጮህ ነገር ይሰማኛል አለች፤ ከዚያ የወፍ ድምፅ ጠፋባት፤ ከዚያ የሰው። አሁን በቅርብ ሆነው ጮክ ካላሉ አትሰማም። ራሷም ሳታውቀው ጮክ ብላ ነው የምታወራው። ስትመለስ እዚያው ክሊኒክ ካልተመደብኩ ብላ አሻፈረኝ አለች። ተጣላን። ሳምንት ያህል አልተነጋገርንም። በመጨረሻ ጉንጬን በሁለት እጇ ይዛ «እዚያ ያሉትን ከእኔ በላይ ማን ያውቃቸዋል?» ብላ ጮኸችብኝ። ሄደች። የሕሙማኑን ደረት በማዳመጫ መስማት ስለማትችል መድኃኒት መስጠቱን፣ መመዘኑን፣ ማባበሉን ያዘች። እኔ ደግሞ በየመንደሩ ለሚሠሩ ትምህርት ቤቶች ፕላን መሳል ጀመርኩ፤ ከነፋሱ ጋር ያልተማከረ መስኮት በእኔ እጅ አልተሳለም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ኢንጂነር በሞያሌ ሲያልፍ ሆቴላችን ምሳ ሊበላ ገባ። የማን ቤት መሆኑን ያወቀ አልመሰለኝም። እትዬ ዕረፍቷ ስለነበር አባቴን እያገዘች ነው። አየችው፤ አወቀችው። ሄዳ እጇን ዘረጋችለት። እሷ እንደዚያ ናት። «እንደምን ከረሙ!» አለችው፣ ቤቱ በሙሉ እስኪዞር ድረስ ጮክ ብላ። ደነገጠና ተነሳ። እኔን ከባንኮኒው ጀርባ አየኝ። ፊቱ ተለዋወጠ። እጇን እንደያዘ አንገቱን ደፍቶ፣ በዝግታ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው፦

«ያን ጊዜ ባውቅ ኖሮ…» አለ።

ባውቅ ኖሮ አለ። ነጥቦቹን አንድ በአንድ ያሳየሁት ሰው። እትዬ ከንፈሩን እያየች ግራ ገብቷት ወደ እኔ ዞረች።

«ምን አለ?» አለችኝ።

«ምንም አላለም» አልኳት፣ እንድትሰማኝ ጮክ ብዬ፤ እሱም እንዲሰማኝ።